ከጎንደር እስከ ጨነቅ በሁለተኛ ማርሽ

መኪናዬ ቶዮታ ሀይሉክስ ደብል ጋቢና ናት። ሞተሯ ሾፌሮች «ፋይቭ ኤል» የሚሉት፣ 2,986 ሲሲ የሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ሲሆን ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ነው። ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ስድስት ኩንታል ሲሚንቶ ጭኜ ደባርቅ ለምትኖረው አክስቴ ካደረስኩ በኋላ፣ ባዶዋን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እስካለው ጨነቅ ካምፕ ይዣት ወጣሁ። ስለ መንገዱ ከመጻፌ በፊት ግን ስለ ጋራዡ መጻፍ ይኖርብኛል፤ ተራራው ላይ ያጋጠመኝ ችግር የተጀመረው ጎንደር ውስጥ፣ በገዛ እጄ ነውና።

የጥቅምትን ቅዳሜዎች በሙሉ ያሳለፍኩት ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር። የሞተሩን ጉልበት ለማርሹ የሚያስተላልፈውን ፍሪሲዮን ከነዲስኩ አስቀየርኩ፤ ይህ የግድ ነበር፤ አሮጌው ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጮህ መኪናዋን መጎተት ትቶ ነበርና። ቀጥሎ በኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነቱን በሚሸከሙት ተደራራቢ የሞላ ብረቶች፣ ላይ አንድ ተጨማሪ ብረት አስደረብኩ። እስከዚህ ድረስ መካኒኩና እኔ ተስማምተን ነበር። ያልተስማማነው በጎማው ላይ ነው። መኪናዋ ስትገዛ የመጣችው በ205 በ16 ጎማ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከፍ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ እንድትታይ ስለፈለግሁ ሰፋና ረዘም ያለውን 265 በ75 በ16 ገዛሁ።

መካኒኩ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ጎማዎቹን ከሚኒባስ ላይ ሳወርድ አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጠጋ አሉኝ።

«ለመሆኑ ይህን ያህል ጎማ የምታስገባባት ምን ልታደርግባት ነው ልጄ?»

«ከፍ እንድትልልኝ ነው ጋሼ፤ መንገዱ ድንጋይ ነው።»

«ከፍ ትላለች፤ ማርሹ ግን ይከብዳታል። ደግሞ ሊብሬ ላይ ያለው ልክ ይኸ አይደለም፤ ቦሎ ልታስለጥፍ ስትሄድ ያስቸግርሃል።»

አልሰማኋቸውም። ነገሩን በቁጥር ያሰላሁት ከጉዞው መልስ ነው። የመጀመሪያው ጎማ ቁመቱ 74 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን አዲሱ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ነበር። አሮጌው አንድ ዙር ሲዞር መኪናዋ 2 ሜትር ከ33 ሳንቲ ሜትር ትሄዳለች፤ አዲሱ አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ከ53። ይህ የስምንት በመቶ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ ያለ ልዩነት ነው። ሦስተኛ ማርሽ ሦስተኛ መሆኑ ይቀርና ወደ አራተኛ ጠጋ ያለ ሌላ ማርሽ ይሆናል፤ ሞተሩ ግን የጨመረው ጉልበት የለም። የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል፦ 60 ሲል መኪናዋ በ65 እየሄደች ነው። ፍሬኑም ያው የድሮው ፍሬን ሆኖ ሳለ የሚያቆመው ጎማ ግን ረዝሟል።

ሌላም ያልሰማሁት ነገር አለ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍተው የራዲያተሩን ክዳን በጣታቸው ገለበጡና ጎሚኒው (ላስቲኩ) መድረቁን አሳዩኝ፤ «ይህችን ቀይራት» አሉ። ለጎማው ያወጣሁት ገንዘብ አንጀቴን ስላሳረረኝ፣ ለክዳኑ የሚጠየቀው ከአንድ ምሳ ብዙም የማይበልጥ ቢሆንም፣ «ስመለስ» ብዬ አለፍኩት።

በማግሥቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ፒያሳን ለቅቄ ወጣሁ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሯቸው የፒያሳ ሕንፃዎች ገና ብርድ ላይ ነበሩ። በነዚህ ሕንፃዎች በኩል ባለፍኩ ቁጥር አፋችን ላይ የቀረው ነገር ይገርመኛል፤ ጦራቸው በምሥራቅ አፍሪካ በመጨረሻ እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1941 እዚሁ ጎንደር ላይ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ግን አልወጡም፤ ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ሌላ ስም የላቸውም።

ወለቃን ካለፉ በኋላ መንገዱ መውጣት ይጀምራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3,000 ሜትር ትጠጋለች፤ ይህን ከፍታ መኪናዋ ጭነት ይዛ አስፋልት ላይ ትወጣዋለች። ያስደረብኩት ባሌስትራ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። በድሮው ባሌስትራ ያን ያህል ሲሚንቶ ብጭን ኖሮ ኋላዋ ቁጢጥ ብሎ፣ አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ መሪው ይቀልብኝ ነበር፤ አሁን ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ኮሶዬ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቆሜ ቁልቁል የተዘረጋውን ቆላ አየሁና ቀጠልኩ። ወገራ ላይ ገብስ እየታጨደ ነበር። ዳባትን፣ ወቅንን አልፌ ደባርቅ ስገባ ረፋድ ላይ ደርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ብዬ ነበር፤ ሁልጊዜ በሦስተኛ የምወጣቸው ዳገቶች ላይ ሞተሩ ታፍኖ ያጉረመርማል፣ በስፖኪዮው ስመለከትም ከኋላዬ ጥቁር ጭስ ይታየኛል። «ጭነቱ ነው» ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «እሰይ ልጄ፣ በደኅና ገባህልኝ!» ካለች በኋላ ዓይኗን ወደ መኪናዋ አዞረች። «ምነው እንደ ግመል ቆመችሳ! እኔ እንዴት ብዬ ነው የምሳፈርባት?» አለች፤ እውነትም በኋላ ልናሳፍራት ስንሞክር ዱካ ማምጣት ግድ ሆነ። ሲሚንቶውን አራግፈን የገብስ ጠላ ሲቀርብልኝ፣ መሪ ላይ ነኝ ብዬ በበሶ ተካሁት።

ከምሳ በኋላ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄጄ የመግቢያውን ከፈልኩ፤ መሣሪያ የያዘ አንድ ስካውትም (የፓርኩ ጠባቂ) ጋቢና ውስጥ አብሮኝ ገባ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከጎንደሩ ፋሲል ግቢ በአንድ ዓመት ይቀድማል። ከደባርቅ ወጣ ሲሉ አስፋልት ያበቃና ኮረኮንች ይጀምራል። እዚህ ደግሞ የተመሰገነው ባሌስትራ ጠላት ሆነብኝ። ለጭነት የተዘጋጀ ብረት ባዶ ሲሆን አይተጣጠፍም፤ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነበት ቦታ ሁሉ ኋላዋ እየዘለለ ወደ ገደሉ ጎን ይሸራተታል። ስካውቱ የበሩን እጀታ በአንድ እጁ፣ ጠመንጃውን በሌላው ይዞ፣ «ወንድምዓለም፣ ቀስ በላት፤ እኔ ልጆች አሉኝ» አለኝ። የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀነስኩ፤ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ከመንገድ ዳር አንስቼም ከኋላ ጫንኩ። ጥሩ መፍትሔ አይደለም፤ ድንጋይ የሚንከባለል ጭነት ነው፤ በሸራ ጠቅልዬ በገመድ ካሰርኩት በኋላ ግን ኋላዋ ረጋ አለ።

ሳንቃበር የተባለውን የፓርኩን ካምፕ አልፈን ወደ ጅንባር ወንዝ ወረድን፤ ከወንዙ ማዶ መንገዱ እንደገና ይወጣል። ነገሩ የሆነው እዚህ ዳገት ላይ ነው። በሦስተኛ ገባሁ። ሞተሩ ማጓራት ጀመረ፤ ወደ ሁለተኛ መቀነስ ሲገባኝ፣ ሞተሩ እንዳይጮህ አዝኜለት፣ ነዳጁን እስከ ጥግ ረግጬ ሦስተኛ ላይ ቆየሁ። ብዙ ሾፌር እንዲህ ያለ የተሳሳተ ርኅራኄ አለው፤ የሚጮህ ሞተር የሚሠቃይ ይመስለዋል፤ የሚሠቃየው ግን የታፈነው ነው። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሀል ተነሥቶ ወደ ቀዩ ሲሄድ እያየሁ ነበር፤ «ጥምዝምዙ ላይ እደርሳለሁ» ስል ከኮፈኑ ስር ነጭ እንፋሎት ወጣ።

የእጅ ፍሬን ይዤ፣ ከጎማዎቹ ስር ድንጋይ አስገባሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። ራዲያተሩ በክዳኑ ዙሪያ እየተንፈቀፈቀ ነበር። እጄን ስዘረጋ ስካውቱ ያዘኝ። «አትንካው! አንዱ ሾፌር እዚህ ላይ ፊቱን ተላጦ አይቻለሁ» አለ፤ ከዚያ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ወንዙ ወረደ።

እስኪመለስ ድረስ ገብስማ ሣር ላይ ተቀምጬ የመካኒኩን ድምፅ አስታወስኩ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ 3,600 ሜትር ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ድንች ተራራ ላይ ቶሎ የማይበስለው ለዚሁ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ሥራ ውሃውን በግፊት ይዞ ሳይፈላ እንዲቆይ ማድረግ ነው፤ ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ስለማይዝ፣ ጎንደር ላይ ያልታየው ጉድለት እዚህ ይገለጣል። አየሩም እንዲሁ፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ያንኑ ነው። ነዳጁን እስከ ጥግ ስረግጥ ፖምፓው ናፍጣውን ይሰጣል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም፤ የተረፈው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ የራዲያተሩ ማራገቢያና የውሃ ፓምፑ የሚዞሩት በሞተሩ ፍጥነት ነው። ሞተሩን በከባድ ማርሽ ሳፍነው ሙቀቱን ጨመርኩ፣ ማቀዝቀዣውን ደግሞ አዘገየሁ። የጎማውም፣ የማርሹም፣ የክዳኑም ጥፋት እዚያች ዳገት ላይ ተገናኙ።

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋቸውን ይዘው መጥተው ከእኛ ሠላሳ እርምጃ ርቀው ሣራቸውን መንጨት ቀጠሉ፤ አንዱ ደረቱ የቀላ አውራ ቀና ብሎ አየንና ናቀን። ክዳኑ በእጅ ሲነካ ቀዝቅዞ ሳገኘው በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ከፈትኩት፤ ሞተሩን አስነሥቼም የወንዙን ውሃ በትንሽ በትንሹ አፈሰስኩ። ክዳኑን ለማጥበቅ ከቆየ የጎማ ከመነዳሪ (ንፋስ ከሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ላይ ክብ ቆርጬ ከውስጥ አደረግሁለት፤ ጊዜያዊ ነገር ነው፤ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም፤ እዚያ ግን ሌላ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ አራቱንም ጎማ የሚያስጎትተውን ፎር ዊል በሎው፣ ማለትም በዝግተኛውና ጉልበተኛው ደረጃ፣ አስገባሁ። መንገዱ ልቅ ጠጠር ስለሆነ ጎማው በመጠኑ እየተንሸራተተ ካርዳኑን አያስጨንቅም፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ቢሆን አላደርገውም ነበር። ሎው የእያንዳንዱን ማርሽ ጉልበት ከእጥፍ በላይ ያበዛል፤ በሎው ሦስተኛ ከሰው ሩጫ ትንሽ ፈጠን እያልኩ፣ ሞተሩ ደስ ብሎት እየጮኸ፣ ቀስቱ መሀል ላይ ቆሞ፣ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ረጅም ዘንጉን አቁሞ ከሚታይበት ሜዳ ላይ ወጣሁ። ጨነቅ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች፤ ብርዱም ጣት ይቆርጣል። ስካውቱ ከገደሉ አፋፍ ወደ ታች እያመለከተ ሦስት ዋልያ አሳየኝ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ደጋግሞ የሚሄደው ከራዲያተሩ ስር ጠብታ አለ እንዴ ወደሚለው ነበር።

የመልስ ጉዞው በማግሥቱ ሆነ። ሽማግሌ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፤ ከዚያ በፊት እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ወደ ጅንባር ስወርድ ሎው ሁለተኛ ላይ አስገብቼ እግሬን ከፍሪሲዮኑም ከነዳጁም አነሣሁ፤ መኪናዋ በሞተሩ ተይዛ በራሷ ጊዜ ወረደች፤ ፍሬኑን የነካሁት ጥምዝምዝ ላይ ብቻ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚወርደው አስፋልት ላይ ደግሞ ፎር ዊሉን ፈትቼ በመደበኛው ሦስተኛ ሞከርኩ፤ ያ የረዘመ ጎማ ሦስተኛውን ወደ አራተኛ ስላስጠጋው ሞተሩ አልያዘኝም፤ መኪናዋ እየፈጠነች ስትሄድ ፍሬን ደጋግሜ መርገጥ ነበረብኝ፤ ኮሶዬን ሳልፍ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ዳር ይዤ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ፤ የቀረውን በሁለተኛ ወረድኩት። ከኋላዬ ያለው የአይሱዙ ሾፌር ክላክሱን ጨፍልቆ፣ ሲያልፈኝ እጁን እያወናጨፈ የሆነ ነገር ተናገረ።

ጎንደር ስገባ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። መካኒኩ የከመነዳሪዋን ቁራጭ ከክዳኑ ውስጥ በጣታቸው አውጥተው አገላብጠው አዩአት፤ ምንም አላሉም፤ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። አዲሱን ክዳን ራሳቸው ገጠሙ። ጎማዎቹን ለአንድ የጭነት መኪና ባለቤት በኪሳራ ሸጬ በምትኩ 225 በ75 በ16 አስገባሁ፤ ከመጀመሪያው ጎማ ቁመቱ ያው ነው፣ ጎኑ ግን ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ሊብሬውም አይጣላኝም። የተደረበው ባሌስትራ እንዲቀር ወሰንኩ፤ አክስቴ ገና ቆርቆሮ ትጠይቀኛለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናዋን ልሞክር ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ወለቃን አልፎ ባለው ዳገት ላይ በስፖኪዮው ወደ ኋላ ተመለከትኩ፤ ጭስ አልነበረም፤ ዳገቱን እስክጨርስ ድረስ ከሦስተኛ አልወረድኩም።