ሰልፉ ያለው ገደሉ አናት ላይ ነው

ሳንቶሪኒ ስንደርስ መርከባችን ወደብ አይጠጋም። ይህች የግሪክ ደሴት የጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተረፈች ግማሽ ቀለበት ናት። መካከሏ ላይ ያለው ባሕር ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ስላለው ትልልቅ መርከቦች መልሕቅ ለመጣል አይመቻቸውም። ሞተራቸውን እያሠሩ ባሉበት ይቆማሉ፤ ተሳፋሪዎችም በትንንሽ ጀልባዎች ወደ አሮጌው ወደብ ይሻገራሉ። ከወደቡ በላይ ቀጥ ያለ ገደል አለ። ከገደሉ አናት፣ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ነጫጭ ቤቶቿን የደረደረችው የፊራ ከተማ ተቀምጣለች።

ወደ ፊራ መውጣትና መውረድ የሚቻለው በኬብል ካር (በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ በሚጓዝ ማመላለሻ)፣ ከ580 በሚበልጠው ደረጃ በእግር፣ ወይም በዚያው ደረጃ በአህያ ነው። ኬብል ካሩ ተያይዘው የሚጓዙ ስድስት ትንንሽ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ስድስት ሰው ይይዛል። በአንድ ጊዜ 36 ሰው ማለት ነው። በአንድ ቀን ወደ ደሴቲቱ እንዲወርዱ የተፈቀደው የመርከብ ተሳፋሪ ብዛት ደግሞ 8,000 ነው። ስሌቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የምሠራው በመርከቡ የጉብኝት ክፍል ውስጥ ነው። ሳንቶሪኒ ስንሆን ግን አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ወደቡ ላይ በተተከለ ድንኳን ሥር ነው፤ ውሃ አድላለሁ፣ ጥያቄ እመልሳለሁ። በዚያ የሰኔ ቀን ጠዋት ከመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ከወረዱት መካከል ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስቲቱ ጥሩ የመንገድ ጫማ አድርገዋል። ባልየው የቀኑን ዕቅድ በሰዓት በሰዓት የጻፉበት ትንሽ ደብተር ይዘዋል። የመጨረሻዋ ጀልባ መቼ እንደምትነሣ ጠየቁኝ። በዕለቱ መርሐ ግብር ላይ እንደታተመው ከቀኑ 11፡30 መሆኑን፣ መርከቡም 12፡30 ላይ እንደሚነሣ ነገርኳቸው። ባልየው ጻፉት፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

የእኛን ጉብኝት አልገዙም። ሐሳባቸው ከፊራ ተነሥተው በገደሉ ጠርዝ፣ በፊሮስቴፋኒና በኢሜሮቪግሊ በኩል አድርገው እስከ ኦያ መንደር አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መሄድ፣ ከዚያ በአውቶቡስ መመለስ ነበር። ቆንጆ ዕቅድ ነው። አብዛኛው ሰው ወደ ኦያ የሚሄደው ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ነው፤ በሰኔ ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2፡30 ገደማ ሲሆን ያን ጊዜ እኛ ባሕር ላይ ነን። ይህን ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ አድካሚው ነው። አንዳንዱ ተሳፋሪ ፀሐይዋን ቀደም አድርገን እንድናስጠልቅለት የሚጠብቅ ይመስላል። እነዚህ ባልና ሚስት ግን እንደዚያ አላሉም። የፈለጉት መንገዱን ነው፤ ጥላ ስለሌለው ብዙ ውሃ እንዲይዙ ብቻ መከርኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የሆነውን በኋላ ከሁለቱም አፍ ሰማሁ። ኢሜሮቪግሊ ላይ ስካሮስ የተባለውን፣ ድሮ ምሽግ የነበረበትን ቋጥኝ ሲመለከቱ ካሰቡት በላይ ቆዩ። ቢሆንም ደብተሩ ላይ ለመዘግየት ጭምር ጊዜ ስለተያዘ አልተጨነቁም። ኦያ ላይ ምሳ በሉ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሞልቶ መጣ፤ ሁለተኛው ላይ ተሳፍረው 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ፊራ ደረሱ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀርቷል፤ ኬብል ካሩ ደግሞ ለመውረድ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ወደ ጣቢያው ሲታጠፉ ግን በጠባቡ መንገድ እየተጠማዘዘ የሄደውን ሰልፍ አዩ። በዕለቱ የቆሙት መርከቦች ተሳፋሪዎች ሁሉ በዚያች ሰዓት መውረድ ፈልገዋል።

ባልየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃውን አይችሉትም። በአህያ እንዳይወርዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የግሪክ ሕግ አህያ ከ100 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ይከለክላል፤ እሳቸው ግዙፍ ሰው ናቸው። ሚስቲቱ «አንተ ሰልፉን ያዝ፤ እኔ ወርጄ ጀልባዋን አስቆማለሁ» ብለው ደረጃውን ጀመሩት። በእግር ለመውረድ ቀላል ይመስላል እንጂ ድንጋዩ በአህዮቹ ኮቴና ፋንድያ የሚያንሸራትት ነው። 11፡25 ላይ ድንኳናችን ሥር ሲደርሱ ፊታቸው ቀልቷል፤ የጫማቸውን ነገር አላነሣም።

«ባለቤቴ ከላይ አሉ። ያለ እሳቸው አልሳፈርም» አሉኝ።

የእያንዳንዱ ተሳፋሪ ካርድ በመርከቡ በር ላይ ስለሚነበብ ማን እንደቀረ ኮምፒውተሩ ያውቃል። በሬዲዮ ብጠይቅ ያልተመለሱት ከአርባ በላይ ናቸው ተባልኩ። ሁለት ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ አሠራሩ የታወቀ ነው፦ የደህንነት ሹሙ ክፍላቸው ያለውን ካዝና ከፍቶ ፓስፖርታቸውን ያወጣል፣ ለወደብ ወኪሉ ይሰጣል፣ እነሱም በራሳቸው ወጪ በሚቀጥለው ወደብ ይደርሱብናል። መርከብ በራሱ ጉብኝት የወጡትን ይጠብቃል፤ በግላቸው የወጡትን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። አርባ ሰው ግን ጥሎ አይሄድም። ካፒቴኑ የመጨረሻዋ ጀልባ እንድትቆይ አዘዘ። ተሳፋሪዎቹ ይህን እንደ ቸርነት ቆጥረው አመሰገኑን፤ እኔ ከሒሳብ የተለየ አልመሰለኝም።

ባልየው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ከሰልፍ ጓደኞቻቸው ጋር እየተጫወቱ ወረዱ። ሰዎቹ ነገሩን ሰምተው ቦታቸውን ሊለቁላቸው ፈልገው ነበር፤ እሳቸው እምቢ አሉ። «ሁላችንም የምንሄደው ወደ አንድ ጀልባ ነው፤ ማንን ልቅደም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሚስቲቱ ግን መልስ የነበራቸው ይመስለኛል፤ ለቤታቸው አቆዩት። ለእኔ ያቆዩት አልነበረም። ጀልባዋ ላይ ሊወጡ ሲሉ ዘወር ብለው «ወረቀታችሁ የጀልባዋን ሰዓት ጻፈ። የሰልፉን ሰዓት ግን አልጻፈም» አሉኝ።

ማታ በክፍላችን ስብሰባ ላይ ይህንኑ እንዳለ አቀረብኩ። ዘግይቶ የሚመጣን ተሳፋሪ ሁሉ ዝርክርክ ማለት ለምዶብናል፤ እኚህ ሰው ግን ሰዓቱን ጽፈው ያሰመሩበት ነበሩ። ወደቡ ላይ ቆሞ ጀልባ የሚያመልጠው ሰው የለም። የሚያመልጠው ገደሉ አናት ላይ፣ ሰልፍ ውስጥ ነው፤ ጠንቃቃውም ከሰጠነው ሰዓት ተነሥቶ ስለሚያሰላ ከግዴለሹ እኩል ይያዛል። አለቃችን ተከራከረ። 10 ሰዓት ብለን ብንጽፍ ሰው ቀኑን ቆረጣችሁብኝ ብሎ ያማርራል አለ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፤ ሰዎቹ የከፈሉት ለዚያች ደሴት ሰዓታት ጭምር ነው። በመጨረሻ የጀልባዋ ሰዓት ባለበት ቀርቶ ከሥሩ «ከፊራ ለመውረድ እስከ 10 ሰዓት ሰልፍ ይያዙ» የሚል መስመር እንዲጨመር ተስማማን። ፊደሉ ትንሽ ነው። በዚህ ምክንያት በቃልም እደግመዋለሁ፤ በዕለቱ ሌሎች መርከቦች ከበዙ ሰዓቱን ወደ 9፡30 እሳበዋለሁ።

«ሰልፍ ባይኖርስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ከላይ ሰልፉ የሚታይበት ካፌ መርጠው እንዲቀመጡና መርዘም ሲጀምር ሒሳብ ከፍለው እንዲነሡ እነግራቸዋለሁ።