ስሙን ብትቀይረው ይሄዳል?

የከተማ ዘፈን ስሰማ የምጠቀምበት አንድ ተንኮለኛ መለኪያ አለኝ። ከግጥሙ ውስጥ «ደሴ»ን አወጣና «ጎንደር» ወይም «ጅማ» እከትበታለሁ። ምንም ሳይጎረብጠው ከሄደ ያ ዘፈን የደሴ አይደለም፣ የማንም ነው። የፍቅር አገር፣ የቆንጆዎች መፍለቂያ፣ ተወልጄ ያደግኩብሽ... ክሊፑም ያው ነው። ድሮን ከላይ ያንሳፍፉና የባህል ልብስ የለበሱ ልጆችን ሣር ላይ ያስጨፍራሉ። ድሮኑ የደሴን ተራራ ጦሳን ሲያሳይ ግን፣ አልዋሽም፣ እኔም አፌን ከፍቼ አያለሁ።

ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ደሴ ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ግን ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ስንወርድ ጃኬት ይወልቃል፣ ማታ ስንወጣ ይለበሳል። ዛሬ ማታ ሾፌሩ ፍላሹን ሰክቶ የከተማ ዘፈኖችን ተራ በተራ ለቀቀልን። የደሴው ሲመጣ ሚኒባሱ ሞቅ አለ። አጠገቤ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ደሴ ለቅሶ ሊደርስ እየወጣ ነበር። «አንተ፣ ስለ እናንተ እንዲህ ሲያንቆለጳጵሱ እኛን ምነው ዘለሉን?» አለኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው አልኩት። ደሴ ለሰነፍ ገጣሚ የተፈጠረች ከተማ ናት። ነፍሴ፣ ራሴ፣ እስትንፋሴ፣ ውርሴ፣ መመለሴ፣ ሁሉም ሳይጠሩት መጥቶ ቤት ይመታል። ለኮምቦልቻስ? ጥላቻ፣ ስልቻ፣ ዘመቻ። በዚህ ማን ያሞግሳል? ሳቀ፣ ግን አልተዋጠለትም። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 የተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ሳይቀር እነሱ ጋ ነው። ሌሊት ፈረቃ ወጥታ ጎህ ሲቀድ ሰርቪስ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ስለምታንቀላፋ ልጅ የዘፈነ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ዘፋኞቻችን ቆንጆ የሚያዩት እንስራ ስትሸከም ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ወሎ በዘፈን ከተማ ከማሞገስ ያለፈ ነገር ሠርቷል። ከአራቱ የአገራችን የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የሚጠሩት በሰፈራችን ስም ነው። የትም ተወልዶ ክራር የሚማር ልጅ «ባቲ ቃኝልኝ» ሲል ሳያውቀው የሰኞ ገበያዋን ባቲን ይጠራል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንቆረቁር አገሬ እንዲህ ናት ብላ መዘርዘር አያስፈልጋትም፣ ዜማው ራሱ አገር ነው። ደሴ በስሟ የተጠራ ቅኝት የላትም። በዚህ የሚቆጨው የደሴ ልጅ ግን አላጋጠመኝም፣ ሁሉንም የራሳችን አድርገን ነው የምንቆጥረው።

እኔን የሚገዛኝ የከተማ ሙገሳ ካሴትና ዩቲዩብ ላይ ያለው ሳይሆን ሠርግ ቤት የሚባለው ነው። ባለፈው እዚሁ ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር፣ አንድ ሠርግ ላይ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየጠረጴዛው እየዞረ የሰዉን ሰፈር ይጠይቅ ነበር። ሸዋበር ያለውን በሸዋበር፣ ሆጤ ያለውን በሆጤ፣ ብሩ ግንባሩ ላይ እስኪለጠፍ። ከአንድ ጥግ አንድ ጋሼ ከሳውዲ ከመጣ ወንድማቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። «ተቀበል!» አሉት።

ሐረጎን ስንወጣ መኪናው ቢደክመው፣
ልቤ ነው ፒያሳን ቀድሞ የተሳለመው።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ወንድምየው መሐረሙን አወጣ። ይህን ግጥም በእኔ መለኪያ ለክቼዋለሁ። ሐረጎን አውጥተህ ሌላ ዳገት ብትከትበት ያነክሳል።

እዚያው ሠርግ ላይ ሌላም ያየሁት አለ። ሙስሊምና ክርስቲያኑ ተዋዶ የሚኖርባት የሚለውን ግጥም ከመስማት ብዛት ጆሯችን ደንዝዟል። እውነት ነው፣ ግን እንዴት እንደሚኖር የሚናገር ዘፈን የለም። የሠርጉ ባለቤት ክርስቲያን ናቸው። ከድንኳኑ በስተግራ የሙስሊሞቹ ምግብ ለብቻው ተዘጋጅቷል፣ ያረደው ሙስሊም ጎረቤታቸው፣ ወጡን የሠሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው፣ ድስቱና ጭልፋውም ከእነሱ ቤት የመጣ። አንድ ሕፃን ጭልፋ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል ከሁለቱም ወገን ያሉ እናቶች እኩል «ተው!» ብለው ጮኹበት፣ ከዚያ ተያይተው ተሳሳቁ። መዋደዱ ይኼው ነው፣ ጥንቃቄና ድካም ያለበት። ግጥም የሚሆነውም እዚህ ጋ ነው።

ደግሞ ሁሌ ቁንጅና፣ ሁሌ ደግነት ብዬ ሳማርር ራሴን የማቆምበት ቦታ አለ። በ1977 የፈረንጅ ታላላቅ ዘፋኞች ተሰብስበው ስለ ረሃባችን ዘፈኑ። ገንዘቡ ነፍስ አድኗል፣ ምስጋናዬ አይጎድልም። ግን ዓለም ወሎን ያወቃት አጥንቱ በገጠጠ ሕፃን ፎቶ ነው፣ ክፍለ ሀገሩን ያላየ ሁሉ ስሙን ከረሃብ ጋር አጣብቆ ያዘው። በዚያው ዘመን የእኛዎቹ በራሳቸው ቅኝት ስለ ቁመና፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ዓይን ይዘፍኑ ነበር። ልጅ ሆኜ ይህ ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው እልህ ነው። በራበው ስም ፊት ቆሞ «ቆንጆ ነን» ማለት ቀላል ድፍረት አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካለፈባቸው በኋላ የወጡት ዘፈኖችም ያው ናቸው። ስለ ፈረሰው ከመናገር ይልቅ ስለ ውበቷ ይምላሉ። ይህን ካሰብኩ በኋላ «የቆንጆዎች መፍለቂያ» የሚለውን ስሰማ መለኪያዬን ኪሴ ከትቼ ዝም የምልበት ቀን አለ። ዘፈኑ ግን አሁንም ደካማ ነው፣ እሱን አልመለስበትም።

ፒያሳ ስንወርድ ባልደረባዬ እንዳልተወኝ ገባኝ። «እሺ፣ አንተ ጻፍልን» አለኝ። ጉረኛ ነኝና እሺ አልኩ። እራት በልቼ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፣ የሌሊት ፈረቃዋን ልጅ ላስገባት ነው ሐሳቤ። የመጀመሪያው ስንኝ «ኮምቦልቻ» ላይ ደርሷል፣ ለሁለተኛው እስካሁን ያገኘሁት ቤት መምቻ «ብቻ» ነው።