በ81 መንገድ ላይ ያገኘሁት ፊድል

ትራኬ የቆመብኝ ክርስቲያንስበርግ አጠገብ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኢንተርስቴት 81 ላይ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ አየና ዕቃው ነገ ነው የሚደርሰው አለኝ። መኪናዬን ጎትቶ ያመጣው ሰውዬ ግን ጥሎኝ አልሄደም። «እኔ ማታ ፍሎይድ ለዳንስ እሄዳለሁ። ሞቴል ውስጥ ብቻህን ምን ትሠራለህ? ና እንሂድ» አለኝ። ሄድኩ።

ፍሎይድ ትንሽዬ ከተማ ናት። በካውንቲው ሁሉ ያለው የትራፊክ መብራት አንድ ነው። እዚያ ፍሎይድ ካንትሪ ስቶር የሚባል የድሮ ሱቅ አለ። ዓርብ ማታ መሃሉ ባዶ ይደረግና ሙዚቃ ይጀመራል። ፊድል፣ ባንጆ፣ ጊታርና ቤዝ። ፊድል የሚሉት ቫዮሊንን ነው፤ ዕቃው ያው ነው፣ የሚለየው አጨዋወቱ ነው። ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ባልቴት ከስድስት ዓመት ልጅ ጎን ይጨፍራሉ። ጫማቸው ሥር ብረት ያስመቱ አሉ። ወለሉ እንጨት ስለሆነ እግራቸው እንደ ከበሮ ይሰማል።

እኔ ዘፋኙ እስኪገባ እየጠበቅሁ ነበር። ፊድሉ ሲጀምር መግቢያው መስሎኛል። ዜማው አለቀና እንደገና ተጀመረ። ደግሞ አለቀ። አሥር ጊዜ ያህል ሲዞር ግጥም የሚባል ነገር አልመጣም። አዝማሪ ለለመደ ጆሮ ይሄ ግራ ያጋባል። ከዚያ መጠበቄን ተውኩት። ያኔ ነው ነገሩ የመጣው።

የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ጋይንት፣ የሰርግ ዳስ ውስጥ። የእናቴ አጎት ማሲንቆአቸውን እሳት ዳር ይዘው ቆዳውን ያሞቃሉ። ቆዳው ካልሞቀ ድምፁ ይረግባል። እኔ እግራቸው ሥር ቁጭ ብያለሁ። ደጋኑን ሳይሆን እግራቸውን ነው የማየው። ባዶ እግራቸው መሬቱን ይመታል። የጠላው ሽታ፣ ጭሱ፣ የሴቶቹ እልልታ። ከዚያ የአባቴ እጅ። ጆሮዬን ይዞ አስነሳኝና «አዝማሪ ልትሆን ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ማሲንቆ አጠገብ አልደረስኩም። የእናቴ አጎትም ቤታችን መምጣታቸውን ተዉ። ይህን ሁሉ ረስቼው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ፍሎይድ ላይ፣ የማላውቃቸው ሰዎች መሃል ቆሜ፣ እንባዬ መጣ።

በሳምንቱ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ቤቴ እንደገባሁ ፊድል ገዛሁ። ያገለገለ፣ 150 ዶላር። የመጀመሪያው ስህተቴ ርካሽ መግዛቴ አይደለም፤ እንደገዛሁት ልጫወትበት መሞከሬ ነው። ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት ተጣሟል። ክሮቹም አርጅተዋል። ሦስት ሳምንት ጣቴን አሳመመኝ፣ ድምፁም አልወጣ አለኝ። እኔ የማልረባ መስሎኝ ነበር። በኋላ ቫዮሊን የሚጠግን ሰው ዘንድ ወሰድኩት። 90 ዶላር ከፈልኩ፤ ክሩን ቀየረ፣ እንጨቱን አስተካከለ፣ ሌላ ዕቃ ሆኖ መጣ። ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመግዣው ቀንሳችሁ ለማስተካከያው አስቀምጡ።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነበር። አራት ወር ኖታ እያየሁ ከዩቲዩብ ተማርኩ። አሥራ አራት ዜማ ያዝኩ። በልቤ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ፍሎይድ ተመልሼ ሄጄ ሰዎች ክብ ሠርተው የሚጫወቱበት ቦታ ተቀመጥኩ፤ ጃም ይሉታል። ከአሥራ አራቱ አንዱንም እኩል መጫወት አልቻልኩም። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት በደንብ አዳመጡኝ። «ኖታዎቹ ልክ ናቸው። ግን በዚህ ማንም ሊጨፍር አይችልም» አሉኝ። አልተቆጡም። አንድ ጥሩ ሐኪም እንደሚናገረው ነው የተናገሩት። «ወረቀቱን ቤትህ ተወው። መጀመሪያ በአፍህ ዝፈነው። አፍህ ያልቻለውን እጅህ አይችለውም።»

ለዚህ ደግሞ የትራክ ነጂ ኑሮ ተመችቶኛል። አንድ ዜማ በስልኬ እቀዳለሁ። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ብሪስቶል እሱኑ ብቻ እሰማለሁ። ስመለስ ስልኩን ዘግቼ በአፌ እዘፍነዋለሁ። አብዛኞቹ ዜማዎች ሁለት ክፍል አላቸው፤ አንዱ በወፍራም ድምፅ፣ ሌላው በቀጭን። እያንዳንዱ ሁለት ሁለቴ ይባልና ከላይ ይጀመራል። ሳምንት ሙሉ ፊድሉን ሳልነካ ቆይቼ እሑድ ሳነሳው ጣቶቼ በግማሽ ሰዓት መንገዱን አገኙት። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙን ጣልኳቸው። በአምስት ዜማ አንድ ዓመት ኖርኩ።

መንገድ ላይ አብዝቼ የሰማሁት ቶሚ ጃረልን ነው። በ1901 ሰሜን ካሮላይና ተወልደው በ1985 ያረፉ ፊድል ተጫዋች ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እንጀራቸው ፊድል አልነበረም። አርባ ዓመት ገደማ የመንገድ ሥራ ማሽን ሲነዱ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከሩቅም ከቅርብም የመጣ ወጣት ቤታቸው እየገባ ተማረባቸው። በ1982 አገራቸው ለባህል ሙዚቀኞች የምትሰጠውን ትልቁን ክብር አገኙ። ቀን ሙሉ የማሽን መሪ ሲጨብጥ የዋለ እጅ እንደዚያ ሲጫወት መስማት ብርታት ሰጠኝ።

ሌላው ሀብት እዚሁ ዋሽንግተን፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው ያለው። አለን ጃቡር የሚባሉ ተመራማሪ በ1966 እና በ1967 ግሌን ሊን በሚባል የቨርጂኒያ መንደር ሄንሪ ሪድ የሚባሉ ፊድል ተጫዋች ቀድተዋል። ሪድ በ1884 የተወለዱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከቀረጻው ብዙም ሳይቆዩ በ1968 አረፉ። ከ180 በላይ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይሰማል። ያንን እየሰማሁ ስነዳ የእናቴ አጎት ትዝ ይሉኛል። እሳቸው ዘንድ ቴፕ ይዞ የሄደ ሰው አልነበረም።

አሁን ስለ ደጋኑ ላውራ፤ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። እኔ የሚከብደው ግራ እጅ መስሎኝ ነበር። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፤ ጣት ክሩን አየር ላይ ነው የሚነካው፣ ከሥሩ የሚጫነው እንጨት የለም። የፊድል አራት ክር ሲታየኝ ጣቶቼን ነበር የፈራሁላቸው። ጣቶቼ ግን ቶሎ ለመዱ። ያልለመደው ቀኝ እጄ ነው። አንድ ረዥም፣ ሁለት አጭር። አንድ ረዥም፣ ሁለት አጭር። አዛውንቱ ግራ እጄን ኪሴ እንድከት አዘዙኝና ክሩን ሳልነካ ይህንኑ ብቻ አንድ ወር አስመቱኝ። ደጋኑንም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳልስበው፣ መሃሉን ብቻ እንድጠቀም። ያም ሆኖ ድርቅ አለብኝ።

አንድ ዓርብ ማታ ፊድሉን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ተነስና ጨፍር» አሉኝ። ፍላትፉት የሚሉት ጭፈራ እግርን ከወለሉ ሳያርቁ የሚጨፈር ነው። ከወገብ በላይ ጸጥ ይላል፤ ሥራው ሁሉ ከጉልበት በታች ነው። ለእኛ ሰው ይህ ፈተና ነው። እኛ በትከሻ የምንናገረውን እነሱ በእግር ነው የሚናገሩት። ዜማው ሲሞቅ ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። አንዲት እናት እየሳቁ ሁለቱንም ትከሻዬን በእጃቸው ያዙልኝና ጉልበቴን እንዳላላ አሳዩኝ። ሦስት ዓርብ ጨፈርኩ። በአራተኛው ሳምንት ፊድሉን ሳነሳ ቀኝ እጄ ራሱ እግር ሆኖ ነበር። ረዥሙ የት እንደሚያርፍ፣ አጭሮቹ የት እንደሚነሱ ማሰብ ቀረ። አንድ ወር ሙሉ ተቀምጬ ያልገባኝ ነገር በሦስት ምሽት ቆሜ ገባኝ። ዛሬ አንድ ሰው ከየት ልጀምር ቢለኝ፣ ፊድል ከመግዛትህ በፊት ጨፍር ነው የምለው።

ጃም ላይ ስትቀመጡ ማወቅ የሚገባችሁ ጥቂት ነገር አለ። ዜማውን ካላወቃችሁ ከክቡ ውጪ ተቀመጡ፣ አዳምጡ፣ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ብቻውን ወጥቶ የሚታይ ሰው የለም፤ ሁሉም ያንኑ ዜማ አብሮ ይጫወታል። የጀመረው ሰው ሊጨርስ ሲል አንድ እግሩን ያነሳል፤ አይናችሁ እሱ ላይ ይሁን። ቅኝት ለመቀየር አትቸኩሉ፤ ባንጆ የያዘው ሰው ክሩን እንደገና መቃኘት አለበት። ፊድሉም ቢሆን ቅኝቱ ይለወጣል። አራቱን ክሮች ኤ-ኢ-ኤ-ኢ በሚባሉት ድምፆች ሲቃኙት ያልተነኩት ክሮች አብረው ያስተጋባሉ፤ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል። ደግሞ ብዙዎቹ ዜማዎች በአምስት ድምፅ ብቻ የተሠሩ ናቸው። አንዱን ስይዘው አምስቱ ድምፆች የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች መሆናቸውን አየሁ። ከዚያ በኋላ እንደ እንግዳ ዜማ አልተሰማኝም።

አንድ የከፋ ቀንም ነበር። ሐምሌ ላይ ፊድሉን ትራኩ ውስጥ ትቼ ምሳ ልበላ ወረድኩ። ስመለስ ጎኑ ላይ እንጨቱ ተላቆ ተከፍቷል። ቫዮሊን የሚያያዝበት ሙጫ በሙቀት ይላላል፤ ይህን አላውቅም ነበር። ለማጣበቂያ 120 ዶላር ሄደ። አሁን የትም ስወርድ አብሮኝ ይወርዳል።

ስለ አንድ ነገር ደግሞ ዝም ማለት አልፈልግም። በመጀመሪያው ምሽት እዚያ ክፍል ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ግን የሰው ቤት የገባሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ባንጆው ራሱ ከአፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች በአገራቸው ዕቃ አምሳል የሠሩት መሆኑን አወቅሁ። በባርነት ዘመን ብዙ ዳንስ ላይ ፊድል የሚመቱት ጥቁሮች ነበሩ። ሜባን፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ጆ ቶምሰን የሚባሉ ጥቁር ፊድል ተጫዋች ነበሩ፤ በ1918 ተወልደው በ2012 አረፉ። ባንጆ ከሚጫወቱት ከአጎታቸው ልጅ ከኦዴል ጋር ሰፈሩን ሲያስጨፍሩ ኖረዋል። በ2005 ሦስት ወጣቶች እሳቸው ዘንድ እየተመላለሱ ተማሩና ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የሚባል ባንድ አቋቋሙ፤ በ2011 ግራሚ የሚባለውን ትልቅ የሙዚቃ ሽልማት ወሰዱ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፍሎይድ ስገባ በሩን የምከፍትበት እጄ ተለወጠ።

አንድ ቀን ከአዛውንቱ ጋር ቡና እየጠጣን የአባቴን ነገር አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «የኛም ቤት እንደዚያው ነበር» አሉኝ። እናታቸው ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ ነበሩ። ፊድልን የሰይጣን ሳጥን ነበር የሚሉት። አባታቸው ፊድሉን ከብቶቹ በረት ደብቀው፣ ማታ ማታ ላሞቹ መሃል ይጫወቱ ነበር። ልጅየው ደግሞ ከውጭ ቆሞ ያዳምጣል። ሁለት ዓለም፣ አንድ ዓይነት በር ላይ የቆሙ ሁለት ልጆች። አባቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ቀን ይቅር አልኩት። እሱ የፈራው ማሲንቆውን አልነበረም። በጊዜው አዝማሪን ሰው ይስቅለታል እንጂ ልጁን አይድርለትም። እኔን ከዚያ ሊጠብቀኝ ነው።

በዚያው ሳምንት ጎንደር ወዳለችው እናቴ ደወልኩ። ስለ አጎቷ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም አለች። «ማን ነገረህ?» አለችኝ። ማንም አልነገረኝም፣ አይቻቸዋለሁ አልኳት። ከዚያ አባቴ ሳያውቅ ለጥምቀት፣ ለማርያም እየወጣች ታዳምጣቸው እንደነበር አወራችኝ። ግጥምም ትሰጣቸው ነበር። ይህንን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

«ቆይ እማዬ» አልኳት። ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ያን አምስት ድምፅ ያለውን ዜማ ጀመርኩ። እግሬ እንደ ልማዱ ራሱ ተነሳ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ዞርኩት። ስጨርስ ስልኩን አነሳሁ። ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ይሰማል።

«ልጄ» አለች፣ «አጠገብህ የሚጨፍረው ማነው?»

«ማንም የለም እማዬ። የኔ እግር ነው።»

«እንግዲያው ድገመው» አለችኝ።