ከአራቱ ኮርዶች እንዴት ወጣሁ

ጊታር የጀመረ ሰው ሁሉ አራቱን ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚመቱ የድምፅ ስብስቦች፣ ያውቃቸዋል፦ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ። ስንትና ስንት ዘፈን ቆሞባቸዋል። እኔም ዘፈን መጻፍ የጀመርኩት በእነሱ ነው። ጥሩ ኮርዶች ናቸው፤ ዛሬም እጫወታቸዋለሁ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። በትዝታ ቅኝት የጀመርኩት ዜማ ኮርድ ሲገባበት ትዝታነቱ ይጠፋል። ባቲውም እንደዚያው። በአፌ ሳንጎራጉረው የነበረው ለዛ ጊታር ሳነሳ የለም።

መጀመሪያ ብዙ ኮርድ ማወቅ የሚፈታው መስሎኝ ዲሚኒሽዱንም፣ ኦግመንትዱንም፣ ባለ 9ኙንም ተማርኩ። ጣቴ ተፍታታ፣ ጆሮዬም ሰፋ። ዘፈኖቼን የቀየረው ግን ከዚያ በጣም የቀለለ ነገር ነው። የቅኝቱን አምስት ድምፆች ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከእነሱ ብቻ ምን ኮርድ እንደሚወጣ መፈለግ ጀመርኩ።

ትዝታ ማይነርን ከኤ እንነሳ። ድምፆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ናቸው። ከእነዚህ የሚወጡት የተለመዱት ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ኤ ማይነርና ኤፍ ሜጀር። ሁለት ኮርድ ለአንድ ዘፈን ያንሳል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር፤ ሰስ ኮርዶቹን፣ ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ድምፅ በሌላ የተተካባቸውን፣ እስካገኛቸው ድረስ።

ጊታር ካላችሁ አብረን እንሞክረው። ቀጭኗን ክር 1ኛ፣ ወፍራሟን 6ኛ እያልን እንቁጠር። 3ኛውን ክር 2ኛ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለ መለያ) ላይ ያዙ፤ ኤ ነው። 1ኛውና 2ኛው ክር ክፍት ይሁኑ፤ ኢ እና ቢ ናቸው። እነዚህን ሦስቱን እስከ መጨረሻው አትንኳቸው። አሁን 4ኛውን ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ይዛችሁ ከክፍቱ 5ኛ ክር ጀምሮ ምቱ። ይህ ኤ ሰስ 2 ነው። ቀጥሎ 4ኛው ክር ላይ ያለውን ጣት ወደ 3ኛ ፍሬት ውሰዱና ከ4ኛው ክር ጀምሮ ምቱ። ቤዙ፣ ማለትም ዝቅተኛው ድምፅ፣ ኤፍ ሆነ፤ ላይ ያሉት አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ጣቱን ወደ 2ኛ ፍሬት መልሱ፣ 5ኛውንም ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ያዙና ስድስቱንም ክር ምቱ። ኢ ሰስ 4 ወጣ።

ሦስት ኮርድ፣ ሁሉም ከቅኝቱ ውስጥ። ከላይ ሦስት ድምፆች እንደተንጠለጠሉ ከታች ቤዙ ከኤ ወደ ኤፍ፣ ከኤፍ ወደ ኢ ይሄዳል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ምሽቱን ሙሉ ሌላ ነገር አልተጫወትኩም።

ልብ በሉ፣ በሦስቱም ኮርዶች ውስጥ ሲ የለም። የዚህን ትዝታ ማይነርነት የሚናገረው ደግሞ ያ ድምፅ ነው። ሆን ብዬ ለዘፋኙ ተውኩለት። ጊታሩ ሳይናገረው የዘፋኙ ድምፅ ሲነካው ያን ጊዜ ሆድ ይበላል። ከዚህ ወዲህ ኮርድ ስመርጥ የምጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። ምን ልጨምር ከማለት ይልቅ ለዜማው ምን ልተውለት እላለሁ።

ኢ 7 የሚባለውን ኮርድ እዚህ ማስገባት ብዙዎቻችን እንወዳለን፤ ወደ ኤ ማይነር በኃይል ይመልሳልና። ውስጡ ግን ጂ ሻርፕ አለ፤ ከቅኝቱ ውጭ ነው። ዜማው ኤ ላይ ሆኖ ይህ ድምፅ ከሥር ሲመጣ ይጋጫሉ። ባይጋጩም እንኳ ትዝታው ወደ አውሮፓ ማይነር ያዘነብላል። እኔ ኢ 7ን አልከለክልም። በዘፈኑ መጨረሻ አንዴ፣ ዜማው ቢ ወይም ኢ ላይ ባረፈበት ቦታ ሲመጣ ልብ ይነካል። በየመስመሩ ሲመጣ ግን ኃይሉ ያልቃል።

ሁለተኛውን ትልቅ ነገር ያሳየኝ ክራር የሚጫወት ጓደኛዬ ነው። ሦስቱን ኮርዶች እያዞርኩ ስጫወት ሰማኝና «እስቲ ኤ ላይ አትመለስ፣ ኢ ላይ አሳርፈው» አለኝ። አሳረፍኩት። አምባሰል የሚባለው ሌላው ቅኝት ሆነ! እውነትም ድምፆቹን ስታዩ ከኤ የተነሳ ትዝታ ማይነርና ከኢ የተነሳ አምባሰል አምስቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው ማረፊያው ነው። አሁን አንዳንድ ዘፈን ላይ ስንኙን በትዝታ ጀምሬ አዝማቹን አምባሰል ላይ አሳርፋለሁ። አዲስ ኮርድ አይገባም፣ አድማጭ ግን ቦታ እንደተቀየረ ይሰማዋል።

የጓደኛዬን እጅ ማየትም ብዙ አስተምሮኛል። ክራር ሲመታ ቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ ይጠርጋል፤ ግራ እጁ የማይፈለጉትን ያፍናል። ድምፅ የሚመርጠው በመዝጋት ነው። ጊታርም ላይ ስድስቱን ክር ሁልጊዜ መምታት ግዴታ አይደለም። ሁለትና ሦስት ክር ብቻ የሚጮህበት ኮርድ ለዘፋኙ ድምፅ ብዙ ቦታ ይሰጣል።

ትዝታ ሜጀር ላይ ሥራው ይለያል። ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ከውስጡ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ይወጣሉ። ኤፍን ሙሉ ለማድረግ ኤፍ ራሱ፣ ጂን ለማድረግ ቢ ከውጭ መምጣት አለባቸው። ሊመጡ ይችላሉ፤ ዜማው ምን ላይ እንደቆመ ማየት ነው። እዚህ ላይ የጠቀመኝ ልምምድ አንድ ድምፅ ይዞ ከሥሩ ኮርዱን መቀያየር ነው። 1ኛውን ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ይዛችሁ ጂን አትልቀቁት። ከሥሩ ሲ ሜጀር፣ ከዚያ ኢ ማይነር፣ ከዚያ ኤ 7 አድርጉ። ያው ጂ ሲ ላይ የተረጋጋ፣ ኢ ማይነር ላይ የከፋው፣ ኤ 7 ላይ ወደ ዲ ማይነር መሄድ የሚፈልግ ይመስላል። ድምፁ አልተለወጠም፤ ትርጉሙ ተለወጠ። ዜማ ውስጥ ረዘም ብሎ የሚቆም ድምፅ ሳገኝ ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት ኮርድ ከሥሩ እሞክራለሁ።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር የተጋፈጠው ይህንኑ ነው፤ ባለ 5 ድምፅ ቅኝትን ከባለ 12 ድምፅ ሃርመኒ (የኮርድ አሠራር) ጋር ማገናኘት፣ የቅኝቱ ለዛ ሳይጠፋ። ሥራዎቹን ስሰማ አሁን ጆሮዬ ቤዙንና መካከለኛዎቹን ድምፆች ይከተላል። ድሮ ዋናውን ዜማ ብቻ ነበር የምሰማው።

ስለ አሠራሬ አንድ ነገር ልጨምር። ዜማውን ያለ ጊታር፣ ስልክ ላይ በድምፄ ብቻ እቀዳለሁ። እጅ የለመደውን ይይዛልና ጊታር ካነሳሁ ዜማው እጄን ይከተላል። ከዚያ ቤዙን ብቻ በአንድ ክር እፈልጋለሁ። ኮርዱ የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ምቱ ችክችካ (ባለ 6 ምት) ከሆነ ደግሞ ኮርዱን ሁልጊዜ 1ኛው ምት ላይ መቀየሩን ትቼ ከስድስቱ ምት 4ኛው ላይ እሞክረዋለሁ፤ የሰለቸ ኮርድ እንኳ ነፍስ ይዘራል።

ሰሞኑን የያዝኩት አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ከኢ ሲነሳ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ይሆናል። ከውስጡ ኤ ሜጀርና ቢ ፍላት ማይነር ይወጣሉ። በተለመደው ትምህርት ጎን ለጎን የማይቀመጡ ኮርዶች ናቸው። ግን ሲ ሻርፕ በሁለቱም ውስጥ አለ፤ 2ኛው ክር፣ 2ኛ ፍሬት። ዜማው እዚያ ድምፅ ላይ ሲቆም ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። አዝማቹን ከዚያች ድምፅ እየጻፍኩት ነው።