አሁን ቅዳሜ የት ልቁም?

"ጌይ ባሮችን የገደላቸው ስልክ ነው፤ ሰው አሁን የሚገናኘው በአፕ ነው" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዕድሜዬን የፈጀሁት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከባር ጀርባ ነው። ሲዘጉ ያየኋቸው ቤቶች አብዛኞቹ ሰው አላጡም። ያጡት ቦታ ነው።

እዚህ አገር እንደመጣሁ የመጀመሪያ ስራዬ ሳውዝኢስት፣ ኦ ስትሪት አካባቢ ያለ ክለብ ውስጥ በረዶ መሸከም ነበር። በረዶ በባልዲ አመላልሳለሁ፣ ብርጭቆ እለቅማለሁ፣ የቢራ ካርቶን አወጣለሁ፣ ይነጋል። እንግሊዝኛዬ ገና ነበር። ግን ሙዚቃው ማንንም ስለማያሰማ ሁላችንም የምንግባባው በእጅ ነው፤ እዚያ ቤት ዲዳነቴን ያወቀብኝ የለም።

ሰፈሩ ጋራዥና መጋዘን ብቻ ነበር። ማታ ዝር የሚል የለም። ክለቦቹም እዚያ የተሰበሰቡት ለዚሁ ነው፤ ኪራዩ ርካሽ፣ የሚያይህ ዘመድ የለም። ግቢው ውስጥ የአሸዋ ቮሊቦል ሜዳ የነበረው ትራክስ እኔ ሳልደርስበት በ1999 ተዘግቷል (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ኔሽንን ግን ደርሼበታለሁ። ከዚያ ከተማው ለቤዝቦል ስታዲየም ቦታውን ፈለገው። በ2006 መንደሩ እንዳለ ተነሳ፤ ኔሽንም በዚያው ዓመት ሄደ። ስታዲየሙ በ2008 ተከፈተ። ከተነሱት ክለቦች አንዱ፣ ዚግፊልድስ፣ ሌላ ቦታ አግኝቶ በ2009 ተመለሰ፤ እሱንም በ2020 ኮሮና ጨረሰው።

ቀጥሎ ሁላችንም ወደ ዩ ስትሪት ተንቀሳቀስን። እዚያ ደግሞ አበሻ ሞልቷል። ታውን የሚባለው ትልቁ ዳንስ ቤት በ2007 ኤይትዝ ስትሪት ላይ ሲከፈት፣ የእኛ ምግብ ቤቶች ናይንዝ ላይ፣ አጠገቡ ነበሩ። እኔ የምሰራው ሌላ ባር ነው፤ አርብና ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት እንዘጋለን። ጆሮዬ እየጮኸ ወጥቼ ታክሲ ስይዝ ሹፌሩ አበሻ ነው። "ወንድሜ፣ እዚህ ምን ትሰራለህ?" ይመጣል። እናቴ ለጎረቤት "ሆቴል ነው የሚሰራው" ትላለች፤ እኔም ለሹፌሩ ያንኑ እላለሁ።

አንድ ጋሼ ግን አልጠየቁኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ታውን በር ላይ መኪናቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። አንድ ሌሊት ሲያደርሱኝ "እዚህ ቤት ያሉት ልጆች ቲፕ ያውቃሉ" አሉኝ። በቃ፣ ሌላ ነገር አላሉም። በ2018 ቦታው ለአፓርታማ ተሸጦ ታውን ሊዘጋ ሲል ነገርኳቸው። ኡበር ቀድሞውኑ ገበያቸውን በልቶታል። "ታዲያ አሁን ቅዳሜ የት ልቁም?" አሉ፣ ከልባቸው ተናደው።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ለመጨፈር ሄጄ ነበር። ሰልፉ ማለቂያ አልነበረውም። እስቲ ይሄ ሰው የጠፋበት ቤት ነው?

ስልክ ምንም አላደረገም አልልም። ማክሰኞን ገድሏል። ድሮ ማክሰኞ ማታ ብቸኛ ሰው መጥቶ አንድ ቢራ ይዞ ከእኔ ጋር ሲያወራ ያመሽ ነበር። አሁን ሶፋው ላይ ሆኖ ስልኩን ይጎረጉራል። ባር ደግሞ በቅዳሜ ብቻ ኪራይ አይከፍልም፤ ኪራዩ በእጥፍ ሲጨምር ማክሰኞ ታስፈልገዋለች።

ደግሞ ሁሉም እኩል አልተጎዳም። ግሬገር ማትሰን የሚባል የኦበርሊን ኮሌጅ ሶሺዮሎጂስት የድሮ የጉዞ መመሪያዎችን ይዞ ባሮቹን ቆጥሯል። አሜሪካ ውስጥ ከ2007 እስከ 2019 የጌይ ባሮች ቁጥር በ37 በመቶ ገደማ ወርዷል። የሴቶቹ ከግማሽ በላይ። ጥቁሮችና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሰዎች የሚሰበሰቡባቸው ደግሞ ወደ 60 በመቶ። ይህን ሳነብ አልገረመኝም። እዚሁ ዲሲ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የነበረው የሴቶቹ ባር ፌዝ ዋን በ2016 ተዘጋ። የጥቁሮቹ ኖብ ሂል ከዚያ በፊት በ2004 ሄዷል። ስለ ክለብሃውስ የሰማሁት አብሮኝ ከሚሰራ ሽማግሌ ዲጄ ነው። አፕሸር ስትሪት ላይ ከ1975 እስከ 1990 የሰራ የጥቁሮች ክለብ ነው። ኤድስ አባላቱንም ሰራተኞቹንም ጨረሰ። በግንቦት በሚውለው የሜሞሪያል ዴይ በዓል ሰሞን የሚያደርጉት ትልቅ ድግስ ሲቀር፣ በ1991 በዚያው ሰሞን ብላክ ፕራይድ የሚባለው የጥቁር ጌዮች በዓል ተጀመረ፤ ለኤችአይቪ ድርጅቶች ገንዘብ ለማሰባሰብ። ሽማግሌው ይህን ሲያወራ የሞቱትን በስም ይጠራል፤ እኔም ብርጭቆ እያደረቅሁ እሰማለሁ።

ዛሬ አዲስ ቤት አልተከፈተም ብል እዋሻለሁ። ሊግ ኦፍ ኸር ኦውን በ2018፣ አዝ ዩ አር ደግሞ በ2022 ተከፍተዋል፤ ሁለቱም ሰው አላጡም። እኔ የናፈቀኝ ትልቅ ወለል ነው፤ ጠበቃው ከሳህን አጣቢው ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋበት። ድራግ የሚሰሩት፣ ማለት የሴት ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ የሚጫወቱት፣ ጓደኞቼም መድረክ ሲጠባቸው ወደ እሁድ ብራንች፣ ወደ ረፋድ ግብዣ፣ ዞረዋል፤ ለሙሽራ ሚዜዎች ይጨፍራሉ። ገንዘቡ ጥሩ ነው ይላሉ። እኔ አላምናቸውም።

አሁን ያለሁበት ባር ጠባብ ነው፣ ግን እወደዋለሁ። የኪራይ ውሉ በመጪው ዓመት ያልቃል። ባለቤቱን ስለ ውሉ ስጠይቀው ስለ አዲሱ የኮክቴል ዝርዝር ያወራልኛል።