ዋናው ተዋናይ ቀረጻ መሃል ሲታመም

ኤፕሪል 1964 እ.ኤ.አ.፣ ሆሊውድ። የቢሊ ዋይልደር ኮሜዲ «ኪስ ሚ፣ ስቱፒድ» ቀረጻው ሳምንታት ሄዷል። ዋናው ተዋናይ ፒተር ሴለርስ፣ ገና በ38 ዓመቱ፣ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞች ስድስት ወር ይረፍ አሉ። ዋይልደር አልጠበቀም፤ ሬይ ዋልስተንን ተክቶ የሴለርስን ትዕይንቶች እንደ አዲስ ቀረጸ።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚገለጠው እያንዳንዱን ቀረጻ የምትመዘግበው የስክሪፕት ተቆጣጣሪዋ ደብተር ነው። ታማሚው የሚታይበት ሁሉ ይጣላል፤ በትከሻው በኩል የተቀረጸውም ከነትከሻው ይሄዳል። ሰው የሚሞኘው ሌላኛው ተዋናይ ብቻውን በቅርብ በተነሣበት ሾት ነው። ፊቱ ጥርት ብሎ ስለወጣ «ይቀመጥ» ይባላል። ግን የሚያየው የድሮውን ሰው ዓይን ነው። አዲሱ አራት ጣት ካጠረ እይታው ከግንባሩ በላይ ያልፋል። መልሱም የተመጠነው በድሮው ሰው ፍጥነት ስለሆነ ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል፤ ሳቁም እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ለቀረጻ የተሠራው ቤት አይፈርስም፤ የመብራቱ ንድፍ፣ የልብሱና የጸጉሩ ፎቶ እስከ መጨረሻው ቀን ይጠበቃል።

ይህ ሁሉ ግን የማይፈታው ነገር አለ። ከሴለርስ ወደ ዋልስተን የተላለፈው ገጸ ባሕርይ ኦርቪል ስፑነር፣ በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት ትንሽ ከተማ የፒያኖ አስተማሪ ነው፤ በሚስቱ ቅናት ያበደ። ዘፋኙ ዲኖ የደረሰውን ዘፈን እንዲገዛው ሲል ቤቱ ያሳድረዋል፤ ሚስቱን ተጣልቶ ያስወጣና የቡና ቤት ሠራተኛዋን ፖሊን በሚስቱ ቦታ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለውን ባል ተመልካች ይቅር የሚለው ቂልነቱ ሲያስቀው ብቻ ነው። ዋልስተን ጎበዝ ነው፤ ይሁን እንጂ በእሱ ላይ ቅናቱ ጭንቀት ይመስላል፣ ፌዙም መራራ ይሆናል።

ሌላው ዳግም ቀረጻ የመጣው ፊልሞችን በሥነ ምግባር ይመዝን ከነበረው የካቶሊኮች ድርጅት፣ ከ«ሊጂን ኦፍ ዲሰንሲ» ግፊት ነው። ሚስትየው ዜልዳና ዲኖ በፖሊ ተጎታች ቤት የሚያድሩበት ትዕይንት ለአሜሪካ ተለዝቦ ተቀረጸ፤ ዲኖን እንቅልፍ ይጥለዋል። አልጠቀመም። ድርጅቱ ፊልሙን አወገዘው፤ ከ1956ቱ «ቤቢ ዶል» ወዲህ እንዲህ የተወገዘ የአሜሪካ ፊልም አልነበረም። አከፋፋዩ ዩናይትድ አርቲስትስም ስሙን ሸሽጎ በቅርንጫፉ በሎፐርት ፒክቸርስ በኩል ለቀቀው።

ማለዘቡ ሒሳቡንም አፋለሰው። በመጀመሪያው ቅጂ ባልም ሚስትም በድለው፣ ይቅር ይባባላሉ። በተለዘበው ሚስትየው ንጹሕ ሆና ስትወጣ፣ ኦርቪል ከፖሊ ጋር ያደረበት ሌሊት ሳይነካ እንዳለ ቀረ።