ወዘተ የምትለዋ ቃል

ዛሬ ስኮፕ ዶክመንቱ (አዲሱ ሲስተም ምን ምን እንደሚሰራ የሚዘረዝረው ጽሁፍ) ለሶስተኛ ጊዜ ተመለሰብኝ። ደክሞኛል፣ ግን ሳልጽፈው ከተኛሁ ነገ ጥፋቱን ሌላ ሰው ላይ ማላከክ እጀምራለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ትኩስ እያለ ይጻፍ።

ፕሮጀክቱ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። መስሪያ ቤታችን እቃ የሚጠየቀው በወረቀት ነው፣ ፎርም ትሞላለህ፣ አለቃህ ይፈርማል፣ ንብረት ክፍል ወርደህ ትወስዳለህ፣ ወር ሲያልቅ ደግሞ አንድ ምስኪን ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ኤክሴል ላይ ይገለብጠዋል። ይሄ ወደ ሲስተም ይቀየር ተባለ፣ ሪኳየርመንት ሰብሳቢው፣ ማለትም ማን ምን እንደሚፈልግ ጠይቆ የሚጽፈው፣ እኔ ሆንኩ። ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብዬ ነበር፣ አሁን ስድስተኛው ላይ ነኝ።

ጥፋቴ አንድ መስመር ላይ ነው። የመጀመሪያው ድራፍት ገጽ 2 ላይ «ሲስተሙ የእቃ ጥያቄ፣ ማጽደቅ፣ ገቢና ወጪ ወዘተ ያካትታል» ብዬ ጽፌያለሁ። ወዘተን ስጽፍ ምንም አላሰብኩም፣ እጄ ለምዶበት ነው የጻፋት። ስብሰባ ላይ የፋይናንስ ኃላፊው እስክሪብቶውን እዛች ቃል ላይ አሳርፎ «የእርጅና ቅናሽ ስሌቱም እዚህ ውስጥ ነው አይደል?» አለኝ። እቃ እያረጀ ሲሄድ ዋጋው ስንት እንደሚቀንስ ማስላት ማለቱ ነው። አዎ ብል ሌላ ፕሮጀክት ነው፣ አይ ብል ታዲያ ወዘተ ምንድን ነው? ዝም አልኩ፣ ዝምታዬ እሺ ሆኖ ተቆጠረ። የሰው ኃይሏ ቀጠለች፣ ሰራተኛ ሲለቅ የሚሰጠው ክሊራንስም በዚሁ ይለቅልን አለች፣ ሌላው የመኪና ነዳጅ አመጣ፣ አንዱ ደግሞ የስብሰባ አዳራሽ ማስያዣ (አዳራሽ ከመቼ ጀምሮ ነው እቃ የሆነው?)። ስንወጣ ያቺ ወዘተ አስራ አንድ ልጅ ወልዳ ነበር፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ማንም አላታለለኝም እኮ፣ በሩን ከፍቼ የጠበቅኳቸው እኔ ነኝ። ስናወራ ምናምን እንላለን አይደል፣ ወዘተ ማለት ከረባት ያሰረ ምናምን ነው በቃ።

ከዛ በቅደም ተከተል እናስይዘው ብዬ ሞስኮው የሚባለውን አከፋፈል አመጣሁ፣ ዳይ ክሌግ የሚባል ሰው ኦራክል ሲሰራ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ነው፣ የግድ የሚያስፈልግ፣ ሊኖር የሚገባ፣ ቢኖር ጥሩ የሆነ፣ ለአሁኑ የማይኖር ብለህ ትመድባለህ። ሰንጠረዡን ላኩላቸው። ሲመለስ ከ38ቱ ጥያቄ 35ቱ «የግድ» ስር ተደርድሯል፣ አራተኛው አምድ ባዶ። ለራስህ ጥያቄ ራስህ ነጥብ ስጥ ሲባል ማን ይጥላል፣ እኔም ብሆን አልጥልም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ትቼ እየዞርኩ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ጀመርኩ፣ «ይሄ ባይኖር ስራ በጀመርን በመጀመሪያው ቀን ምን ይቆማል?» የፋይናንስ ኃላፊው ትንሽ አሰበና «ምንም አይቆምም፣ እሱን በዓመት አንዴ ነው የምንሰራው» አለ። በራሱ አፍ! ግን ይውጣ ስለው አኮረፈ፣ ጭራሽ ማውጣትና ለሌላ ጊዜ ማቆየት ለሱ አንድ ነው።

ሲስተሙን የሚሰራው የሶፍትዌር ቡድን ልጅ ደግሞ በሌላ በኩል ያናድደኛል፣ ዶክመንት ባሳየሁት ቁጥር «እኛ እኮ አጃይል ነን» ይለኛል፣ ሶፍትዌርን በትንሽ በትንሹ እየሰሩና እያስተካከሉ የመሄድ አሰራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አስራ ሰባት ሰዎች የተስማሙበትን የአጃይል መግለጫ፣ አንድ ገጽ የሆነውን እንኳን እስከታች አላነበበውም። ከተሟላ ዶክመንት ይልቅ የሚሰራ ሶፍትዌር እናስቀድማለን ይላል፣ እውነት ነው፣ ግን እዛው ስር ሌላኛውም ዋጋ አለው ተብሎ ተጽፏል። እሺ ዶክመንት አንጽፍም እንበል፣ አስራ አንዱን የወዘተ ልጆች የት ነው የማስቀምጣቸው ታዲያ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ሐሙስ ንብረት ክፍል ወረድኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ኃላፊ ሳነጋግር እቃውን በእጃቸው የሚያወጡትን ሴትዮ አላነጋገርኩም ነበር፣ ይሄን ስጽፈው ራሱ ያሳፍራል። በእድሜ እናቴ ይሆናሉ። ስለሲስተሙ ማብራራት ስጀምር «ቆይ ልጄ» ብለው ከመሳቢያ አንድ ደብተር አወጡ፣ ጠርዙ ተልጦ በፕላስተር የተለጠፈ። ከፈቱልኝ። ግራው ላይ ቀን፣ መሀል ላይ የወሰደው ሰውና እቃው፣ ቀኝ ጥግ ላይ በቀይ «ሲመለስ ይፈርማል» የሚል ጽሁፍ። አንዱን ገጽ ቆጠርኩ፣ ከ24 መስመር ዘጠኙ ቀይ ናቸው።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?» አልኳቸው።

«አለቃው ሳይኖር የወጡ ናቸዋ። የፕሪንተር ቀለም አልቆ ሰው ተሰልፎ እያየሁ ፊርማ ይምጣ ልበል? እሰጣለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ሲመጣ አስፈርማለሁ።»

በቁሜ ደረቅኩ። የኔ ዶክመንት ላይ «ያልጸደቀ ጥያቄ እቃ አይወጣበትም» የሚል መስመር አለ፣ ኃላፊዎቹ በሙሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያለፉት መስመር። መመሪያውም የሚለው እንደዛ ነው። ሲስተሙ እንደተጻፈው ቢሰራ በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ሰው ባዶ እጁን ይመለስና እሳቸው ደብተራቸውን መልሰው ያወጣሉ፣ እኛ ደግሞ ሲስተሙን ሰራተኛው አልተቀበለውም ብለን ሪፖርት እንጽፋለን።

የማተሚያ ወረቀት አቆጣጠር ችግርንም እዛው አገኘሁት። ጠያቂዎች በፓኬት ይጽፋሉ፣ እሳቸው መዝገብ ላይ በካርቶን ነው የሚይዙት፣ ልዩነቱን በጭንቅላታቸው ያስተካክሉታል። ፎርሙ ላይ «ብዛት» ብቻ ነው ያለው፣ እኔም «ብዛት» ብዬ ገልብጬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ጋ የጠፋችው የናሳ መንኮራኩር ትዝ አለችኝ፣ አንዱ ወገን በፓውንድ ሌላው በኒውተን አስልቶ ነው የጠፋችው። የኛ ወረቀት ማርስ አይሄድም፣ ግን ሁለት የሚል ቁጥር ሁለት ፓኬት ይሁን ሁለት ካርቶን ሲስተሙ ከየት ያውቃል፣ ጭንቅላታቸውን አላስገባንለትም።

ቅዳሜና እሁድ ዶክመንቱን እንደ አዲስ አነበብኩት። ቋንቋችን ራሱ እንዴት እንደሚያስመልጥ ያየሁት ያኔ ነው። «ጥያቄው ታይቶ ይጸድቃል»። ማን ነው የሚያየው? ይታያል፣ ይጸድቃል፣ ይላካል፣ ያድራጊው ስም ሳይነሳ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ሲነበብም ያምራል። 23 ቦታ ላይ አገኘሁ። እያንዳንዱ ስር ሰው ለማስገባት ስሞክር ስድስቱ ላይ መልሱን እኔም አላውቀውም፣ ስደውልላቸው እነሱም እርስ በርስ አይስማሙም። «በፍጥነት» የምትል ቃልም ነበረች፣ እሷን «በ1 የስራ ቀን ውስጥ» አደረግኳት፣ ወዲያው ሁለት ሰው «በዛ» «አነሰ» ብሎ ተጣላ። ጥሩ ነው፣ አሁን ይጣሉ፣ ሲስተሙ ካለቀ በኋላ ከሚጣሉ።

የእቃ ማውጫው መስመር አሁን እንዲህ ይላል፣ «የንብረት ሰራተኛዋ ለአስቸኳይ ጥያቄ ያለቅድሚያ ፊርማ እቃ ማውጣት ትችላለች፣ ምክንያቱን ትመዘግባለች፣ የክፍሉ ኃላፊ ወይም የወከለው ሰው በ2 የስራ ቀን ውስጥ ያጸድቃል ወይም ይቃወማል።» ያስቀይማል፣ ረጅም ነው፣ ግን ሲስተሙ ሲመጣ ቁጭ ብለን ልንፈትነው እንችላለን። ዛሬ የተመለሰብኝም በዚሁ መስመር ነው። የመለሰብኝ ኃላፊ «ህገወጥ አሰራር ህጋዊ ልታደርጉ ነው?» አለ። ደብተሩን ላሳየው አስቤ ተውኩት፣ ሴትየዋ ላይ ጣጣ እንዳመጣባቸው ፈራሁ። ቁጥሩን ብቻ ነገርኩት፣ ከ24 ዘጠኝ፣ ያለስምና ያለቀን። ዝም አለ። የሱ ዝምታ እሺ ይሁን እምቢ ገና አላወቅኩም።

መጨረሻው ገጽ ላይ «በዚህ ዙር የማይካተቱ» የሚል ርዕስ ጨምሬ አስራ አንዱንም በስማቸው ጽፌያለሁ፣ የእርጅና ቅናሽ አንደኛ ነው። ወዘተ የለም። ነገ 4 ሰዓት ላይ አትሜ ይዤለት እገባለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ አያነብም።

ከንብረት ክፍል ስወጣ ሴትየዋ ከኋላዬ «እንግዲህ ደብተሬን ልትወስዱብኝ ነው?» ብለውኝ ነበር። አይ፣ እርስዎ ጋ ይቆያል አልኳቸው። ማንን ጠይቄ እንደሆነ እንጃ፣ ዶክመንቱ ላይ የለም።